የአማካሪዋ ሁለት ወንበሮች

ውድ እታለም፣

ፖስታውን በሁለት ጣትሽ ይዘሽ እያራገፍሽ እንደሆነ አውቃለሁ። በረሮ የለበትም። ባለፈው ለልደትሽ የላክሁልሽም ቢሆን የፕላስቲክ ነበር፤ አክስታችን ወንበር ላይ ወጥታ መጮኋ የኔ ጥፋት አይደለም። በዚህኛው ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ካርድ ብቻ ናት። አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳትጥያት። ከዚያ በኋላ ብትጥያት አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ።

በእጅ ጽሑፌም አትሳቂ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቴም ያልጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ስህተት ካገኘሽ አስተማሪዋን ጠይቂ።

አክስታችን ቤት ከሄድሽ ሦስት ወር ሆነሽ። በስልክ "ደህና ነኝ" ትያለሽ፣ አክስታችን ደግሞ "መጋረጃውን እንኳ አታስከፍተኝም" ትላለች። ባልሽ ከመንገድ ሥራው ካምፕ በየእሑዱ እየደወለ "ዛሬስ ምን አለች?" ይለኛል። ምን ልበለው? እኔ ግን ከመሄድሽ በፊት ያልሽኝን አንድ ነገር ይዤ ነው የከረምኩት። ሐኪም ቤቱ የላከሽ አማካሪ ጋ አብሬሽ የሄድኩ ቀን ትዝ ይልሻል? አርባ ደቂቃ ውጭ ጠበቅሁሽ።

"ምን አለሽ?"

"'ቀጥይ' አለኝ።"

"አንቺስ?"

"ምኑን ልቀጥል? ሰባት ወር ሆዴ ውስጥ ተሸክሜ ያጣሁትን ልጅ ለወንድ ከየት ጀምሬ ነው የምነግረው?"

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። መንገድ ላይ ግን፣ እኔን እንኳ ሳታዪ፣ "ሴት ብትሆን። ቅርብም ብትሆን፤ በእግሬ ሄጄ በእግሬ የምመለስበት" አልሽ። ረስተሽው ይሆናል። እኔ ትምህርት ነው እንጂ የማይያዝልኝ ሌላውን አልረሳም።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከሰፈራችን ፀጉር ሠሪ ነው። እሷ የማታውቀው ሰው ካለ ራሰ በራ ነው።

"የምታማክር ሴት ፈልጌ ነበር" አልኳት።

"ለማን?"

"ለጓደኛዬ።"

"እዚህ የሚጠይቅ ሁሉ ለጓደኛው ነው" አለችና ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች በመስታወት አየቻቸው። "ደግሞስ ምን ሩቅ ያስኬድሃል? እኔ ጋ አምጣት። ፀጉሯን እየሠራሁላት ታውራ።"

"አንቺ ጋ ጠዋት የተወራውን እኮ ከሰዓት በኋላ እናቴ ናት የምትነግረኝ።"

ማበጠሪያ ወረወረችብኝ። በር ድረስ ስትሸኘኝ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አምና ሄጃለሁ" አለችኝ።

"ለጓደኛሽ?"

"ለራሴ።"

ያቺ ሴት ሳትስቅ ስታወራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ሶፋ ወደማለብስበት ሥራዬ ከመግባቴ በፊት ሄድኩ። የምለውን ደረጃው ላይ አጥንቼው ነበር። በሩ ሲከፈት ጠፋብኝ። ከእናታችን ትንሽ የምታንስ ሴትዮ ናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ረስታዋለች። ይቺ ምላሴ ለጨዋታ ሲሆን ማን ይችላታል፣ ለቁም ነገር ስትፈለግ ግን ትተኛለች። ከኋላዋ ሁለት ወንበሮች አየሁ። የአንደኛው እጅ መደገፊያ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል።

"ወንበር ልወስድ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"እኔ ሰው አልጠራሁም።"

"ወንበሩ ነው የጠራኝ። ጩኸቱ ታች ድረስ ይሰማል።"

ዞር ብላ ወንበሩን አየችው፣ ተመልሳ እኔን አየችኝ። "እጅህ እንደ አፍህ ይሠራል?"

"ይበልጣል።"

"እንግዲህ ዛሬና ነገ ሰው አልቀበልም። ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ታመጣቸዋለህ" ብላ ካርዷን ሰጠችኝ። ሁለቱን ወንበሮች ተሸክሜ ወረድኩ እልሻለሁ። አንድ አማካሪ ልፈልግ ሄጄ ዕቃዋን ዘርፌ ተመለስኩ።

አለቃዬን ጋሼን ታውቂያቸዋለሽ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሶፋ ሲያለብሱ ኖረው ራሳቸው በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት። እሳቸው ጋ ሕግ አለ። መቀስ ከመነሳቱ በፊት ወንበሩ ይነበባል። ማን እንደሚቀመጥበት፣ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ የቱ ጋ እንደሚበላ ሳታውቂ ጨርቅ አትቆርጪም።

"በል አንብብ" አሉኝ። "ይኸኛው የማን ነው?"

"የሴትዮዋ የራሷ።"

"ጀርባውን አየኸው?"

አየሁት። ቀለሙ አልለቀቀም፣ ስፖንጁ አልተጫነም፣ ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው የሚመስለው። የመቀመጫው ፊት ግን ተደፍጥጦ እንደ ካርቶን ሆኗል።

"ተደግፋ አታውቅም" አሉ ጋሼ። "ጫፉ ላይ ነው የምትቀመጠው። ፊቷ ወዳለው ሰው ተስባ።"

እታለም፣ የዚያን የሐኪም ቤቱን ሰውዬ ወንበር ላስታውስሽ? በሩ ገርበብ ሲል አይቼዋለሁ። ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ፣ ጀርባው ላይ እስኪንጋለል የተለጠጠ። ያን ጊዜ ሙያዬን እዚያ አልተጠቀምኩበትም እንጂ ሳትገቢ ነበር የምመልስሽ።

ቀጥሎ የእንግዳውን ወንበር ገለበጥነው። የቀኝ እጅ መደገፊያው ስፌት ክር በክር ተመዟል። "ጣት ነው" አሉ ጋሼ። "የአንድ ሰው ጣት አይደለም።" በመቀመጫውና በጀርባው መሐል እጄን ስሰድ የተጨማደደ ሶፍት፣ የፀጉር መርፌ፣ ጥፍር እስኪያክል የተጣጠፈ የአውቶቡስ ቲኬት ወጣ። ቲኬቱን ልዘረጋው ስል እጄን መታ አደረጉኝ። "ሳታይ ፖስታ ውስጥ ክተተው። የሰው ነው።" ከተትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ያገኘሁትን ነገር ሳልበረብር መለስኩ፤ ለእናታችን ንገሪያት፣ እኔ ብነግራት አታምነኝም።

ግን ያን የተመዘዘ ስፌት ሳይ አንቺን ነው ያየሁት። የፈተና ውጤት ስትጠብቂ የሹራብሽን እጅጌ እስከ ክርንሽ የፈታሽው አንቺ አይደለሽ? እዚያ ሰውዬ ቢሮ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። የምትመዢው ብታጪ ጣቶችሽን ነበር የምትመዢው፣ ስትወጪ ቀልተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስታነቢ ተቀመጪ። አንቺን ሆኜ ደወልኩላት። ድምፄን አቅጥኜ፣ ልክ እንዳንቺ በየመሐሉ እየተነፈስኩ። "ቀጠሮ ፈልጌ ነበር" አልኩ። "ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር..." ስል ድምፄ ተሰበረ። የወንዱም የሴቱም። ልቀልድ የደወልኩት ሰውዬ ስልኩን ይዤ አፍንጫዬን ስምግ ሴትዮዋ ጠበቀችኝ። አልቸኮለችም። መጨረሻ ላይ፣ "የወንበሩ ልጅ ነህ አይደል?" አለችኝ። "ለእህቴ ነው" አልኳት። "እንግዲያው ራሷ ትደውል።"

ዓርብ ወንበሮቹን ሳደርስ ምናልባት ታባርረኛለች ብዬ ነበር። አላባረረችኝም።

"ከመጣች ምን እንዳለች ይነግሩኛል?" አልኳት።

"አልነግርህም።"

"ትንሽ?"

"ትንሽም።"

"እናቴ ብትጠይቅዎትስ?"

"ለእናትህም፣ ለባሏም አልናገርም። ከፈለግህ ወንበሩን ጠይቀው።"

በሕይወቴ እንዲህ ተከልክዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ተቀመጠች፤ እውነትም ጫፉ ላይ። "አንተስ?" አለችኝ። አንድ ቃል ብቻ ናት። በራችን ደረጃ ላይ ያደረግኩሽን ነገርኳት። "ይኼን ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ንገራት" አለችኝ። ስለዚህ ልንገርሽ።

ከበራችን ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ "ምንም አይሰማኝም" ባልሽኝ ጊዜ ክንድሽን ቆነጠጥኩሽና "ይኼስ?" አልኩሽ። የምትስቂ መስሎኝ ነበር። ክንድሽን አሸት አድርገሽ ወደ ቤት ገባሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ያዝሽ። ሁላችንም ለመሄድሽ ምክንያት ስናወጣ እኔ ያቺን ቁንጥጫ ለማንም አላወራሁም። እታለም፣ ጋሼ ሃያ ዓይነት መርፌ አላቸው። እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ ቀልድ፤ ወፍራሙንም ስሱንም በሱ ነው የምወጋው። አንቺን የሚወጋሽ መሆኑን አላየሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ደግሞ የእናታችንን ስሚ። "ማውራት ከሆነ እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ ለባዳ ምን ያስኬዳል?" ትል እንደነበር ታውቂያለሽ። ስለ ሴትዮዋ ስነግራት ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ትናንት ከገበያ ዘግይታ መጣች።

"የት ጠፋሽ?"

"ልለካ ሄጄ።"

"ምኑን?"

"መንገዱን። ከበራችን እስከ ጽሕፈት መሣሪያው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ይኼ ጉልበቴ ባይኖር ዘጠኝ።"

"ደረጃውንስ ወጣሽው?"

"እሱ የእሷ ነው" አለችና ዘንቢሏን አስቀመጠች።

የቀረኝ አንድ ሚስጥር ነው። አዲሱ ልብስ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ትወጂዋለሽ። ጋሼ ሥራ ሲያልቅ ዞረው ያያሉ፣ የወጣች ክር ካዩ ጆሮዬን ነው የሚይዙት። እኔ ግን በእንግዳው ወንበር ቀኝ እጅ መደገፊያ፣ ከሥሩ በኩል፣ አንድ ክር ሳልቆርጥ ተውኩ። ስፖንጁ ውስጥ ሙሉ የክር ጥቅል ቀብሬያለሁ። ብትመዢው ይመጣል፣ ደግመሽ ብትመዢው ይመጣል፤ ስፌቱ ግን አይፈታም። ጋሼ ክሯን አገኟት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የእህቴ ነው።"

መቀሱን ወደ ክሯ አስጠጉ። ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። "ጥቅሉን ከውስጥ በደንብ እሰረው ታዲያ፣ እንዳይንሸራተት" አሉኝና ወደ በርጩማቸው ሄዱ።

ሴትዮዋም ዓርብ ዕለት ክሯን አይታታለች። መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ጫፏን ነካችና እንዳለች ተወቻት። ሌላም ሰው ይመዛት ይሆናል፣ ይምዘዛት። ሲያልቅ እኔ እሞላዋለሁ።

ቁጥሩ ካርዷ ላይ አለ፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ራሷ ታነሳለች። የመጀመሪያው ቀን ታች ጽሕፈት መሣሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ምን አለች፣ ምን አልሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ዝም ብዬ አሥራ አንድ ደቂቃ አብሬሽ መሄድ እችላለሁ። ተለማምጄበታለሁ፤ እስካሁን ሳላወራ አራት ደቂቃ ደርሻለሁ።

ብቻ ስትደውዪ የኔን ድምፅ አስመስለሽ እንዳትሞክሪ። አትሸወድም።

መንገድ መንገዱን የሚያይልሽ፣
ያንቺው መዓት