ወደ ጠዳ ይዤው የሄድኩት ጠላ

ለልጄ፣

በሠርግሽ ዕለት አባትሽን ከበር አስመልሰሻል። ሁለት ጎረምሶች ክንድና ክንዴን ይዘው «አያ፣ ሙሽራዋ አይግቡ ብላለች» አሉኝ። ይህን ያስቀደምኩት ሆዴ ውስጥ ይዤ ሰላም ብልሽ ውሸት ስለሚሆንብኝ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። ወገብሽ በረታ? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ይይዛል? የቆላ ድባ ሙቀት ለአራስ አይመችም፤ መስኮቱን ክፈቺለት። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ያመኛል፤ እሱም ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ስለገነባሁ እንጂ ከሌላ አይደለም።

አክስትሽ መልእክትሽን አድርሳልኛለች። ለክርስትናው ይምጣ፣ ግን መጠጥ መተዉን የሚያስረዳ ወረቀት ከሚሰበሰብበት ቦታ ያምጣ ብለሻል። ወረቀት አላመጣም። በስልክ እንዳልነግርሽ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከተማ ውስጥ፣ የተማሩ ልጆች መጠጥ ወደሚያስተዉበት ስብሰባ ነበር። ሸጋ ልጆች ናቸው። አንዷ ባለ ቀለም እርሳስ ሰጥታኝ ስሜትዎን ይሳሉት አለችኝ። ግድግዳ ሳልኩላት። «አባባ፣ ይህ ግድግዳ ለእርስዎ ምንድን ነው?» ስትለኝ፣ ግድግዳ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም።

ሁለተኛው እዚሁ ሰፈራችን ነው። ሰብሳቢው ዕንባቆም ሆኖ አገኘሁት፤ ያ ድንጋይ ባጣመመ ቁጥር በውኃ ልክ እጁን የምመታው ተለማማጄ። ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ሌሎቹም ተነሡ። እሱ ጌታዬ እያለ ሊመክረኝ አልቻለም፤ እኔም ባስተማርኩት ልጅ ፊት አፌ አልከፈት አለ። ሲሸኘኝ ግን፣ ጠዳ ላይ ማንም የማያውቀኝ ስብስብ እንዳለ ነገረኝ፤ በየሐሙሱ ከምሳ በኋላ፣ በአንድ አናጢ ቤት ውስጥ።

እንግዲህ ማኅበር ነው ካሉኝ ማኅበር ነው። አዲስ ገቢ ባዶ እጁን ማኅበር አይገባም። የሚካኤልን ጽዋ ስገባ እናትሽ ምን ያህል እንደደገሰች ታስታውሻለሽ። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከእንኳየሁ አንድ ጀሪካን ጠላና ድፎ ዳቦ ገዝቼ በሚኒባስ ሄድኩ። ጀሪካኑን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ እስከ ጠዳ ጠብታ አልቀመስኩም። ይህን እመኚኝ።

ሰብሳቢዋ ወለተሩፋኤል ትባላለች። ብዙ ዓመት አረቄ ስታወጣ፣ ከሸጠችው የጠጣችው የበለጠባት ሴት ናት። ጀሪካኑን መካከል ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩና ለማኅበሩ ያመጣሁት ነው አልኩ። ከዚያ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። ወለተሩፋኤል ዓይኗን እየጠረገች «ምነው አያ አስናቀው! እኛ የሸሸነውን ተሸክመው ተከተሉን?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ለሰው የቀረበ ነገር አይመለስም፣ ወጌን የማይወድ ማኅበር ይቅርብኝ ብዬ ልወጣ ስል ፋንታሁን የሚባለውን ሾፌር አየሁት። እሱ አልሳቀም። እጆቹን ጭኖቹ ሥር ሸጉጦ፣ ዓይኑን ጀሪካኑ አፍ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ከተወ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

ጀሪካኑን ተሸክሜ ጓሮ ወጥቼ ደፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። ስመለስ ፋንታሁን «አያ፣ ዳቦውን ግን እንዳይደፉት» አለኝ። ቆርሰን በውኃ በላነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሙስ አልቀረሁም፤ ወደ አፌም ጠብታ አላገባሁም። ዘጠኝ ወር ሆነኝ።

እዚያ አንድ ሕግ አለ፤ የተሠራብህን ሳይሆን የሠራኸውን ተናገር ይላሉ። እኔ ስድስት ሐሙስ ሙሉ ስለ ሠርግሽ በር ተናገርኩ። ወለተሩፋኤል በየሳምንቱ «ይህ የልጅዎ ነው፤ የእርስዎስ?» ትለኛለች። በሰባተኛው፣ እናትሽ ባረፈችበት ማለዳ የት እንደነበርኩ ተናገርኩ። ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ስትፈልጊኝ ቆይተሽ ስታገኚኝ ምን ብዬ እንደመለስኩሽም ተናገርኩ። ቃሉን እዚህ አልደግመውም፤ አንቺ አልረሳሽውም። ማንም አልመከረኝም። ፋንታሁን ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ብቻ።

በሠርግሽ ዕለትም ጋቢዬ ለምን ጭቃ በጭቃ እንደነበር ጎረምሶቹ ነግረውሽ ይሆናል።

ወለተሩፋኤል ማኅተም የላትም፤ ቢኖራትም አልለምናትም። ለክርስትናው ጠላሽን እንደ ወጉ ጥመቂ፤ በእኔ ምክንያት እንግዳ አይጠማ። እኔን ከውኃው አጠገብ አስቀምጪኝ። ደግነቱ ክርስትናው እሑድ ነው፤ ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ፋንታሁን ብቻውን ይሆንብኝ ነበር። ማለዳ እደርሳለሁ። ጎረምሶችሽን በር ላይ ብታቆሚ አልቆጣም፤ ቀርበው አፌን ያሽትቱ። ወረቀቴ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ መግባቴን የምትፈቅጂው አንቺ ነሽ፤ እስክትፈቅጂ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እናትሽ ያላየችውን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ጡትሽ አይንጠፍ፤ ቤትሽ ሰላም ይሁን። እጁን ጨብጬው ለማላውቀው ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የበሩን ነገር እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ በአፌም በብዕሬም አላነሣውም። ብትጠይቂኝም አልመልስልሽም።

አባትሽ