ባጃጁ ወደ ግራ ሲዞር

ሰመራ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሰይድ ወንድሜ፣ በኮምፒውተሩ የእሽቅድምድም ጨዋታ ውስጥ የሠራኸው ባጃጅ ዛሬም ወደ ግራ ሲዞር ተገለበጠ። ጨዋታው አራት ጎማ ካላየ አያስነሳም፤ አንተ ግን ሁለት የፊት ጎማ ሠርተህ፣ አንዱን ሌላው ውስጥ ደብቀህ አታለልከው። መሪውን ብቻ ስንቴ አፍርሰህ ሠራህ! ቅርጹ አልቋል፤ የቀረው ሚዛኑ ነው።

ሚዛኑን የምናገኘው ከምትነዳው ከእውነተኛው ባጃጅ ነበር። አንተ አደባባዩን ትዞራለህ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስንት ዲግሪ እንደዘመመ ከስልኩ ላይ አነባለሁ።

«ስንት አለ?»

«ኧረ ቀስ በል፣ ልትደፋኝ ነው!»

«አንተ ፈሪ፣ ቁጥሩን ንገረኝ!»

የግራውን ሳንለካ ወባ ወሰደችህ።

ትናንት ለቅሶ ደራሾቹ ሄዱ። ዛሬ ጠዋት እማዬና አባዬ ሱቅ ሊከፍቱ ወጡ፤ ብቻዬን ቀረሁ። የግራውን ልለካ ብዬ ስልኩን ይዤ ወጣሁና በራችን ላይ መንገድ ዳር የቆመው ባጃጅህ ውስጥ እንደለመድኩት ከኋላ ተቀመጥኩ። ሹፌር እንደሌለ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። መውረድ አቃተኝ።

አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው መጡ።

«ወደ ሎጊያ ነው የሚሄደው ልጄ?»

«አዎ።»

«ሹፌሩስ?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

«ኢንሻአላህ ይመጣል» ብለው ራሳቸው መለሱ። ጠጋ አልኩላቸው፤ ጎኔ ተቀመጡ።