ነጎድጓድ ማነው?

ማክሰኞ፣ ጁን 7

ዶሮ ጭኜ ከጌንስቪል ወደ ሜከን። ሙቀት። የመቀመጫዬ ስፕሪንግ ዛሬም ወገቤን ሲወጋኝ ዋለ።

ሜቪስ ምግብ ቤት ቁርስ ላይ ሳለን አንድ ቀጭን ልጅ መጣ። የፊልም ሰው ነኝ አለ። ስለ ከባድ መኪና ሹፌሮች ፊልም ሊሠሩ ነው፤ እኛ ሹፌሮች መንገድ ላይ በምንነጋገርበት ሲቢ ሬዲዮ የሚያወራ እውነተኛ ሹፌር ይፈልጋሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ፈተና አለ። ስሜን ጠየቀኝ። "ኦቾሎኒ" አልኩት፣ የሬዲዮ ስሜን። "የመዝገብ ስምዎን" አለኝ። "ሆሊስ" ስለው ዲያቆን የምንለው ሹፌር ዞር ብሎ አየኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ስናወራ ስሜን ሰምቶት አያውቅም። እኔም የሱን አላውቀውም።

ልጁ የፈተናውን ወረቀት አደለን። ሁሉም ሳቁበት፤ ዲያቆን የፈሰሰበትን ቡና ጠረገበት። እኔም ሳቅሁ። ግን የኔን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ጁን 8

አርሊን ሱሪዬን ልታጥብ ስትል ወረቀቱን አገኘችው። "አንተ ሰውዬ፣ ሠርጋችን ላይ 'እሺ' ለማለት እንኳ ሦስቴ አልተሳሳትክም?"

እውነቷን ነው። ግን የምናገረው ይቺን ብቻ እኮ ነው፦ "ነጎድጓድ ነኝ! ወንድሞቼ፣ ፖሊስ ድልድዩን ዘግቷል! በቀጣዩ መውጫ ውረዱ!" ይቺን ማን ያቅተዋል?

ዓርብ፣ ጁን 10

እየነዳሁ ስለማመድ ዋልኩ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ሸክላ ላይ እንደሚዘፍኑት ሹፌሮች አጎረነንኩት። አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና፣ አንዴ እያለቀስኩ። የረበሸኝ የለም። ሬዲዮው እንዲህ ጭጭ ያለበት ቀን ትዝ አይለኝም...

ሜከን ስደርስ የምሳ ሳጥኔን ከመቀመጫው አነሳሁ። ከሥሩ ማይክሮፎኑ። ቁልፉ እንደተጫነ። ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ እኔ ማንንም አልሰማም፤ እኔን ግን መንገደኛው ሁሉ ይሰማኛል። ሳጥኑን ገና ከማንሳቴ ሬዲዮው ጮኸ፦ "ነጎድጓድ ነኝ ባዩ የት አለ? አንገቱን ነው የምጠመዝዘው!"

ሃያ ሦስት መኪና አምኖኝ ከአውራ ጎዳናው ወርዶ የኮክ እርሻ ውስጥ ገብቷል። ትናንት ደግሞ ዘንቧል። ድልድዩ ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ሬዲዮውን አጠፋሁት። እግዚኦ!

ቅዳሜ፣ ጁን 11

ሜቪስ ቤት የሁሉም ጫማ ቀይ ጭቃ። የኔ ንጹሕ። ቀስ ብዬ ወጥቼ የሜቪስን የአበባ መደብ ረግጬ ተመለስኩ።

"ድምፁ ወፍራም ነበር" አለ ሐብሐብ የሚጭነው ቀበሮ። "ከኛ መሀል ወፍራም ድምፅ ያለው ማነው? ጭቃው ውስጥ ያልገባውስ?" ሁሉም ወደ ዲያቆን ዞሩ።

"ሬዲዮዬ ተበላሽቶ ነበር። ምንም አልሰማሁም፣ ቀጥ ብዬ አለፍኩ" አለ።

"አመቺ ብልሽት ነው" አለው ቀበሮ።

ዲያቆን ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔ እንቁላሌን አኘክሁ። ፈሪ!

ሰኞ፣ ጁን 13

ዲያቆን ሬዲዮውን አስጠግኗል። ከፊቴ ይነዳል። "ዲያቆን ነኝ። ወደፊት መንገዱ እንዴት ነው?"

ዝም።

"ወንድሞቼ፣ ሰው አለ?"

ዝም። ስንቱ እየሰማው! እኔም ከሰሚዎቹ አንዱ ነኝ።

"ይሁን" አለ ቀስ ብሎ።

ያቺ "ይሁን" አንጀቴን በላችው። ማይኩን አነሳሁ። "ኦቾሎኒ ነኝ። ነጎድጓድ እኔ ነኝ።"

"ሂድ ወዲያ!" አለኝ ቀበሮ። "በዚያች የጫጩት ድምፅህ?"

ጭራሽ አያምኑኝም! ምን ላድርግ? አጎርንኜ አልኩላቸው። ሙሉውን፣ ከነልቅሶው። ከዚያ ወረቀቱን፣ ፈተናውን፣ የምሳ ሳጥኑን... አንድም ሳላስቀር ተናዘዝኩ።

"ተዋናይ?" አለ አንዱ። "አንተ?"

ከዚያ ሳቅ ብቻ። ቀበሮ መንዳት አቅቶት ዳር ቆመ አሉ። ተሳዳቢም አልጠፋም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዲያቆን ብቻ አልሳቀም። "ሆሊስ" አለኝ፣ በስሜ። "ቅዳሜ እያየኸኝ እንቁላል ትበላ ነበር።"

"አዎ። ይቅር በለኝ።"

"መኪኖቹን ሁሉ ታጥባለህ። ከኔ ትጀምራለህ።"

"ያንተን እኮ ጭቃ አልነካውም!"

"ይነካዋል።"

ማክሰኞ፣ ጁን 14

ስምንት መኪና አጠብኩ። የዲያቆንን ሁለቴ። ወገቤ!

ረቡዕ፣ ጁን 15

ተፈተንኩ። አልተሳሳትኩም። አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "እውነተኛ ሹፌር አይመስሉም። ይህን ሲሉ ማንም አያምንዎትም።"

ሥራውን ለአንድ የአትላንታ ጥርስ ሐኪም ሰጡት። ትልቅ ባርኔጣ አድርጓል፤ የሸክላዎቹን ሹፌሮች አነጋገር ልቅም አድርጎ ያውቃል። የሚነዳው ትንሽዬ የቤት መኪና ነው።

መንገድ ስገባ ቀበሮ በሬዲዮ ይጠብቀኝ ነበር። "እህሳ ተዋናዩ፣ እንዴት ሆነ?"

ልዋሽ አሰብኩ። አልቻልኩም። "ማንም አያምንህም አሉኝ።"



"እኔ አምኜሃለሁ" አለ ቀበሮ።

"እኔም" አለ ሌላው። "ጎማዬን ጭቃ እስኪውጠው።"

"እኔ እስከ መኪናዬ በር ነው ያመንኩህ!" አለ ሦስተኛው።

እንዲህ እየተቀባበሉ ሜከን አደረሱኝ። እየነዳሁ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ አንድ ሆኑ። ጭቃ ከገቡት ከሃያ ሦስቱ ሁለቱ አልመለሱልኝም። አይፈረድባቸውም።