መቀበያው የጠፋበት ሙሾ

እማዬ፣

ገሳይ ለነበረው ወንድምሽ ደብዳቤ ስታስጽፊኝ፣ "መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው፣ ሌላው ይደርሳል" ትዪኝ ነበር። አንቺን ግን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አንቺ የኔን ብትጠይቂኝ ይሻላል። ደህና አይደለሁም። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ብርዱ እንደገና ገባ። አባዬ ለሙት ዓመትሽ ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ ከእትዬ የሺ ጋር መነጋገር ጀምረዋል፤ እኔ ደግሞ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ምግብ አይወርድልኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልሽ ውሸት ነው። አባዬ መደቡ ላይ አንቺ በምትቀመጪበት በኩል አይቀመጡም፤ እንግዳ ሲቀመጥበትም ፊታቸው ይጠቁራል። ዶሮዎችሽን ለእትዬ የሺ ሰጠናቸው፤ አንዷ ግን በየጠዋቱ አጥር ዘላ ትመጣለች፤ እኔም እያባረርኩ ጥሬ እበትንላታለሁ። የጓዳው በር ዛሬም አይገጥምም። አባዬ ሊጠግኑት ነው። አንቺ እያለሽም ሊጠግኑት ነበር። ጋቢሽን እኔ ነኝ የምለብሰው፤ ከጉና ተራራ የሚመጣው ነፋስ ዘንድሮ ጨክኗል።

ያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። ከሥራ ስወጣ ላፕቶፑ ላይ እቀመጣለሁ። ያንን ሙዚቃዬን አልተውኩትም። አንድ ቀን ዱም ዱም ሳደርገው ከጓዳ ብቅ ብለሽ፣ "ወፍጮውን አስነስተሽ እህሉን ረሳሽው እኮ" አልሽኝ። ያን ዕለት ስቄ አሳለፍኩት፤ ግን ልክ ነበርሽ። ምቱ አለኝ፣ ባስ የሚሉት ወፍራሙ ድምፅ አለኝ፣ የሚፈጭ ነገር አልነበረኝም። አሁን አገኘሁ፤ አንቺን ነው ያገኘሁት። ምነው ባላገኘሁ።

የቀብርሽን ነገር ልንገርሽ፤ ማንም አልነገረሽም። ከዚህ እስከ ገሳይ ድረስ ለቅሶ ሲኖር ሙሾ የምታወርጂው አንቺ ነበርሽ፤ በሬ ጠምዶ የዋለ ገበሬ እንኳ አንቺ ከመጣሽ እስኪመሽ አይነሳም። ያንቺ ዕለት ግን የሚያወርድ ጠፋ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ቆሙ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንቺን ተከትለው የሚቀበሉ ናቸው፣ ማን እንደሚጀምር አያውቁም። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ፤ ልጇ አለች ብለው። ድምፅ እንደሌለኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። የስንቱን ሬሳ በግጥም የሸኘሽ ሴት አንዲት ስንኝ ሳትወርድልሽ አፈር ለበስሽ። ይሄ ነው ከሆዴ አልወጣ ያለው።

ስልኬ ላይ ግን ነበርሽ። ወንድምሽ ያረፈ ጊዜ ገሳይ ለቅሶው ላይ፣ ከጀርባሽ ተቀምጬ ስልኩን ነጠላዬ ስር ይዤ ቀድቼሻለሁ። ለምን እንደቀዳሁሽ እንጃ። ያቺን ነበር ያወረድሽው፦

በሩን ክፈቱለት ከደጅ አታስቁሙት፣
ከገበያ መጥቷል ወንድሜን አስገቡት።

ከዚያ ዝም ትያለሽ፤ ሴቶቹ "ወይ ወንድሜ" እያሉ ይቀበሉሻል፤ እነሱ ሲጨርሱ ሌላ ስንኝ ታነሻለሽ። ከዚህ ሙዚቃ ልሥራ፣ ለሙት ዓመቷ ሴቶቹ ይስሙት፣ እናቴ በሌላ ሰው ካልተለቀሰች በራሷ ድምፅ ትለቀስ አልኩ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሚክሲንግ የሚሉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ብዙ ድምፅ አብሮ ሲሄድ እንዳይረጋገጥ ለእያንዳንዱ ቦታ መስጠት ነው፤ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ፣ አንዱን ወደ ጎን። በቪዲዮ የሚያስተምረው ልጅ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል፤ እኔ ወራት ፈጀሁበት። ባሱን ከፍ ሳደርግ አንቺ ትሰምጫለሽ። አንቺን ከፍ ሳደርግ የገሳይ ነፋስና የሰው ሳል አብረውሽ ይነሳሉ። ነፋሱን የሚያወጣ መሣሪያ አገኘሁ ብዬ ብጠቀም ድምፅሽን ውሃ ውስጥ ከተተው። ደግሞ ዜማ የሚያቃና ሌላ መሣሪያ አለ፤ እሱ የሚያውቀው የፒያኖ ቁልፎችን ነው፤ አንቺ በሁለት ቁልፎች መሀል እያንሸራተትሽ ስትጎትቺው፣ ተሳስታለች ብሎ ወደ ቁልፉ ጎተተሽ። ሳዳምጠው በየሆቴሉ የምትዘፍን የማላውቃት ልጅ ሆነሻል። እሷን ወዲያው አጠፋኋት።

ከሁሉም የባሰው ግን በኔ የደረሰው ነው። ያችን አንዲት ስንኝ ደጋግሜ ደጋግሜ ስሰማ፣ አንቺን መስማት ተውኩ። መጀመሪያ አካባቢ "በሩን" ስትዪ እንባዬ ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ እወጣ ነበር። በኋላ "በሩን" ስትዪ ታችኛው ድምፅ በዛ፣ ይቀነስ እላለሁ። "አስገቡት" ስትዪ "ስ"ዋ ሾለች፣ ትለስልስ እላለሁ። ስለ እናቴ ልቅሶ እንዲህ እላለሁ፣ ዓይኔ ደርቆ። አንድ ቀን ፈራሁና ሌላውን ድምፅሽን ልፈልግ አልኩ፤ ከጓዳ ስትጠሪኝ፣ ስትስቂ፣ ከአባዬ ጋር በበሩ ነገር ስትጨቃጨቂ። ዓይኔን ጨፍኜ ብጠብቅ ብጠብቅ የመጣልኝ የስልኩ ድምፅ ብቻ ነው። ስሜን ስትጠሪ የመጨረሻውን ታነሺው ነበር ወይስ ትጥዪው ነበር? እማዬ፣ ጠፋብኝ። ላስቀምጥሽ ብዬ ተነስቼ በገዛ እጄ እየጨረስኩሽ ነው።

ያም ሆኖ አላቆምኩም፤ ማቆም እንደገና መቅበር መሰለኝ። ልጁ በቪዲዮው "ባዶ ቦታ አትተዉ፣ ሰሚ ይሄድባችኋል" ይላል። ስለዚህ ስንኝሽን በምቱ ልክ ቆርጬ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥሜ፣ እንዲደጋገም አደረግኩት። ሴቶቹ የሚቀበሉበትን ቦታ ጫጫታ ነው ብዬ አወጣሁት። ድምፁ ጠራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ነገር ሙዚቃ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልፈትነው አልኩ። አንድ ሥራ ማለቁ የሚታወቀው ከሩቅ ሆነው ሲሰሙት ነው ይባላል። አባዬ ገበያ ወጥተዋል። ትልቁን ስፒከር ከጎረቤት ልጆች ተውሼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ከጓሮ ወጥቼ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ቆምኩና ጆሮዬን ጣልኩ። ምቱን እንዳያሰጥምሽ ዝቅ አድርጌዋለሁና ከዛፎቹ ማዶ አይሰማም፤ አንቺ ግን ጥርት ብለሽ ትመጫለሽ። "በሩን ክፈቱለት፣ በሩን ክፈቱለት።" ደስ አለኝ። እማዬ፣ ደስ አለኝ።

እኔ እዚያ ቆሜ ስደሰት ሰፈሩ ምን እንደሰማ አስቢው። ከቤታችን ሙሾ ይወርዳል፣ በሩ ተከፍቷል፣ አባዬ አይታዩም። ስመለስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እትዬ የሺ ከፊት ሆነው "ወይ አያ ደሳለኝ፣ ወይ ደጉ ሰው" እያሉ፣ አባዬን እየጠሩ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሮጬ ገብቼ ስፒከሩን ነቀልኩት። አባዬ ደህና ናቸው፣ ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው፣ ልምምድ ነው እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ይህን ጊዜ አባዬ ጨው አንጠልጥለው በአጥሩ በር ብቅ አሉ። የራሳቸውን ለቅሶ ቆመው አዩት። አንዲት ሴት እሳቸውን ስታይ ጮኸች። አባዬ ጨዉን መሬት ላይ አስቀመጡና አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሙሾን ያለ ሬሳ ማውረድ ሟርት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እትዬ የሺ ግን እንባቸውን ጠርገው ብዙ አዩኝና፣ "አንቺ ነሽ ብዬ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ድምፅ ወረሰች ብዬ፣ በለቅሶው መሀል ደስ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ "ነጠላ አዘቅዝቀን መጥተን በደረቅ ዓይን አንመለስም፤ እናቷንም እንደሚገባት አላለቀስናትም" አሉ፤ ወደኔ ተመልሰው፣ "በይ ልቀቂው" አሉኝ።

እማዬ፣ የጠበቅኩት ሰዓት መጣ። ለሙት ዓመትሽ ያልኩት ያን ዕለት ሆነ። ለቀቅኩት። ወረድሽ። ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው ተዘጋጁ፤ ስንኙ ሲያልቅ "ወይ እህቴ" ብለው ሊቀበሉሽ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አንቺ እንደገና "በሩን ክፈቱለት" አልሽ። "ወይ" ብለው ቀሩ። ቆይተው ሞከሩ፤ ደግመሽ ቀደምሻቸው። ሌላም ጊዜ ሞከሩ፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ታቋርጣለች፣ አንዷ ታፍርና ታቆማለች። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ፣ አንቺ ብቻ ከመደቡ ላይ ትጮሂያለሽ። እትዬ የሺ እጃቸውን አነሱ፤ አጠፋሁት። "ልጄ፣ እናትሽ ጥላን ሄዳ አታውቅም። አውርዳ ትጠብቀን ነበር። ይሄ አይጠብቅም" አሉ። ነጠላቸውን ገልብጠው እያስተካከሉ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሁለተኛ ጊዜ ሳትለቀሺ ቀረሽ፤ ያሁኑ ደግሞ በኔ ሥራ ነው።

አባዬ ያን ሰሞን አላናገሩኝም። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። እንደ ፈረደብኝ ስጠብቅ ሰንብቼ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርሳቸውን ሳቀርብላቸው፣ "እኔ ስሞት በአፍሽ አልቅሺልኝ" አሉኝ። ከዚያ ቁርሳቸውን በሉ። ጓዳ ስገባ ያን ሁሉ ወር ደርቆ የከረመው እንባዬ መጣ። እንዲያውም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላም ድምፅሽን ልፈልግ ብል አልመጣም።

ወደ ላፕቶፑ ተመልሻለሁ። የቆረጥኩትን አውጥቼ፣ ከስልኬ ያለውን እንዳለ መልሼ አስገባሁት፤ ነፋሱንም ሳሉንም። ምቱን አንቺን እንዲጠብቅ ላደርገው ብዬ እየታገልኩ ነው። ማሽኑ መጠበቅ አያውቅም፤ እየቆጠረ ይሄዳል፤ እኔም ገና ተማሪ ነኝ፣ እንዴት እንደማቆመው አልገባኝም። ስንኝሽ ሲያልቅ የገሳይ ሴቶች ለወንድምሽ የተቀበሉት ይመጣል። ላንቺ የተቀበለ ድምፅ ግን የትም የለም፤ ላምጣው ብል ከየት አመጣዋለሁ?

ትናንት አባዬ በሌሉበት ማዳመጫውን አድርጌ ሞከርኩ። አንቺ አውርደሽ ዝም ስትዪ "ወይ እናቴ" አልኩ። እማዬ፣ አስቀያሚ ነው። ጉሮሮዬ ላይ ይሰነጠቃል፣ ዜማውን ይስታል፤ ምንም ብታቃኚው አይቃናም። አልቀዳሁትም። ግን ደገምኩት፤ እስኪደክመኝ ደገምኩት።

ላልረሳሽ ቃል መግባት ዱሮ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ድምፅሽ በእጄ ነው እል ነበርና። አሁን ከድምፅሽ የቀረኝ አንድ ለቅሶ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሌላ ሰው ያለቀስሽውን። ቢሆንም ቃሌን እሰጥሻለሁ። ሙት ዓመትሽ ዕለት፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲነሳ፣ ስፒከሩ እንደተዘጋ ይሆናል፤ እኔ ሴቶቹ ፊት እቆማለሁ። ግጥም የለኝም። አንድ ስንኝ ልሥራልሽ ብዬ ከተነሳሁ ሰነበትኩ፣ የመጀመሪያው መስመር እንኳ አልሞላልኝም። እሱኑ ግማሹን አወርደዋለሁ። ከዚያ አፌ ተከፍቶ ሲቀር፣ እስኪቀበሉኝ ድረስ፣ የፈለገውን ያህል ቢቆዩ፣ አልቀመጥም።

ልጅሽ