ሩፐርትና የሆላንድ አጎቱ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12
ድንች ተከልኩ። ነፋስ ነበር። ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ሂልከ እንግሊዛዊ እጮኛዋን ሩፐርትን ይዛ መጣች። ቡና ሰጠኋቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ብስኩት፣ ከዚያ የብስኩቱን ጣሳ ከደንኩ። ልጁ ክዳኑን ዝም ብሎ ያየዋል... ምን ጎደለው?

የሚኖሩባት አሮጌ የብረት ጀልባ ሊገዙ ነው። ያላቸውን ሁሉ አሟጠው። ነገ እንዳያት ይፈልጋሉ። ሂልከ ወደ ማድቤት ጎተተችኝ።
«አጎቴ፣ እባክህ አፍህን ሰብሰብ አድርግ። ባለፈው ሩፐርት የሠራውን ምግብ ‹ውሻም አይበላው› ብለኸው ሁለት ቀን ተክዟል።»
«ውሸት ነው?»
«አይደለም። ግን ቃል ግባልኝ።»
ገባሁላት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13
የጀልባዋ ቀለም አዲስ ነው። በጣም አዲስ... አርባ ዓመት ጀልባ ሠርቻለሁ። ውሃው ከሚደርስበት መስመር አጠገብ በሰንጢዬ ጫር ባደርገው ዝገቱ ተፈረፈረ። «እንዴት አዩዋት?» አለኝ ሩፐርት። ሂልከ አፈጠጠችብኝ። «ደስ ትላለች» አልኩ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ የጨዋ ውሸት ጀመርኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14
እራት አልበላልኝ አለ። ረቡዕ ይፈርማሉ። ቃል ቃል ነው... ልጆቹ ቢሰምጡስ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15
ምሳ ላይ ነገርኩት። «ጀልባዋ ቀለም የተቀባ ወንፊት ናት። ከውሃ አስወጥተህ ሳታስመረምራት ከፈረምክ ቂል ነህ።» ሂልከ ሹካዋን ወርውራ ወጣች። ሩፐርት ቀላ፣ ቀላ... ከዚያ ሳቀ።
«ዘመድ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚገሥጽን ሰው በእኛ አገር ‹የሆላንድ አጎት› እንለዋለን» አለ።
«ሌላስ እኛን ሆላንዶችን ምን ትሉናላችሁ?»
«ከመጠጥ የመጣ ጀግንነት ‹የሆላንድ ድፍረት› ነው። ሁሉም የራሱን የሚከፍልበት ግብዣ ደግሞ ‹የሆላንድ ግብዣ›።»
«ምን በደልናችሁ?»
«ብዙው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለባሕር ንግድ ስንዋጋ የቀረ ስድብ ነው ይባላል።»
ጦርነቱ አልቆ ስድቡ ቀረ። ‹የሆላንድ ድፍረት› የሚለውን ወደድኩት። እኔ ግን ጠብታ መጠጥ ሳልቀምስ ነው የተናገርኩት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24
ጀልባዋን አስወጥተው አስመረመሯት። ታቿ እንደ ጣሳ ሳስቷል። ሂልከ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ክፉ ሽማግሌ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10
ሌላ ጀልባ ገዙ፤ ጠንካራ ናት። ቤቴ አጠገብ ባለው ሰፊ የውሃ ቦይ ላይ አስረናት እየጠገንናት ነው። ዛሬ ሩፐርት መዶሻውን አስቀመጠ። «አጎቴ፣ ጆሮህ አይሰማም። ሁላችንም መጮህ ሰልችቶናል። ሄደህ ተመርመር።» እርስዎ ማለቱንም ትቶታል። ደሜ ፈላ። ወደ ሂልከ ዞርኩ።
«እውነት ነው?»
«ዓመት አለፈው።»
«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»
«ፈራንህ።»
ይሉኝታ የማያውቅ ቤተሰብ ነን እያልኩ ስኮራ... እውነቱን የሚነግረኝ ከእንግሊዝ መጣ።

ዓርብ፣ ሜይ 30
የጆሮ መሣሪያው ከገባልኝ ሦስተኛ ቀን። ለካ ሩፐርት ሲሠራ ያፏጫል። ቀኑን ሙሉ። ቅኝት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ነገርኩት። «ምነው ያኔ ስለ ጆሮህ ስናገር አፌን በያዘኝ» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ። መሣሪያውን ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁትም።