እስከ እግሯ ድረስ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጥቅምት 12

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? ሚስትህስ፣ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ከመኳረፉ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስጀምር ማልቀሴ ስለማይቀር ነው። አንተም ሥራ ላይ ሆነህ ትረበሻለህ።

እህትህን ፍራሽ ሻጭ አደረጓት። እየቀለድኩ አይደለም። አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አዲስ የተከፈተ ፍራሽ ቤት አለ፤ መስታወቱን ሙሉ የሸፈነው የእኔ ሥዕል ነው። ያቺ ታማ በተኛችበት የሳልኳት፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ ያደረገችው። ከአናቷ በላይ «እንቅልፍ እንዲህ ነው!» ብለው ጽፈውባታል። ጉድ በል! ልጄ ስቃይዋን ስታይ ውላ ገና አሁን ሸለብ ሲያደርጋት የሳልኳት እኮ ናት። ገብቼ ባለሱቁን «ይቺ ልጄ ናት» ስለው፣ «እማማ፣ ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው፣ ስም የለውም። ከፈለጉ ትራስ በቅናሽ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር፤ ክፉ አይደለም።

ለካ ይህንኑ የሚፈቅድ ሕግ እየመጣ ኖሯል። ረቂቁ ባጭሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ስም የተገኘ ሥዕልም ዘፈንም ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፣ ያገኘው ይጠቀምበታል ነው የሚለው። እኛም የሠዓሊዎች ማኅበር አባላት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ተሰበሰብን። ካርቱን የሚስለውን፣ «እርሳሱ» የምንለውን ታውቀው የለ? «ሥራችን ባለቤት አለው!» የሚል ትልቅ ባነር አሠርቶ መጣ። ከጽሑፉ ሥር የተጨበጠ እጅ ተስሎበታል። «ማን ሳለው? ያምራል» ብንለው ባነሩን መጠቅለል ጀመረ። ለካ እሱም ከኢንተርኔት አውርዶት ነው! እህትህ ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ባነሩን ገልብጠን ጀርባው ላይ በእጃችን ጻፍንበት።

በረቂቁ ላይ አስተያየት በሚሰጥበት ዕለት ዋናውን ሥዕል ተሸክሜ አዳራሽ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ማይክሮፎኑ ለቁመቴ ረዝሞ፣ ሰብሳቢው ራሱ መጥቶ ዝቅ አደረገልኝ። «ይኸው ስሜ» ብዬ አሳየሁት። ልማዴን ታውቃለህ፤ አስተማሪዬ «ፊርማ ከጉልበት በላይ አይወጣም፣ ሥዕሉን ይረብሻል» ይሉ ስለነበር ስሜን ሁሌ ከታች ነው የማኖረው። እሷም ላይ የፈረምኩት እግሯ ጋ፣ ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ጥልፍ አስመስዬ ነው። ሰብሳቢው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ከጎኑ አሳየኝ። ስልክ ላይ እንደሚወጡት ፎቶዎች አራቱም ጎኑ እኩል ሆኖ፣ ከወገቧ ላይ ተቆርጧል። ብርድ ልብሱም የለ፣ እግሯም የለ።

«መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ የለቀቀው ማነው?» አለኝ። «ከቤተሰብ ከሆነ ወዳችሁ ለቃችሁታል ማለት ነው። ካልታወቀ ደግሞ ባለቤት አልባ ነው።»

ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል። አዳራሹ ሙሉ እያየኝ «አላውቅም» አልኩ። ሰብሳቢው ጻፈው። ሥዕሌን አቅፌ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የማኅበራችን ጠበቃ፣ ያቺ ቀጭኗ ልጅ፣ ተከትላኝ መጣች። «ከእንግዲህ ስምዎን መሃሉ ላይ ይጻፉ፣ ፊቱ ላይ። እዚያ ማንም አይቆርጠውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤት ገብቼ ብሩሹን ነከርኩና ወደ ግንባሯ አስጠጋሁት። አልቻልኩም ልጄ። ትኩሳቷ በረደ አልበረደ እያልኩ ስዳብሰው የኖርኩትን ግንባር እንዴት ስም ልጻፍበት? ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩት።

ሕጉ መጽደቁ አይቀርም ይላሉ። እኔ ምን አቅም አለኝ? በፍራሽ ቤቱ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እልና «ብርድ ልብስሽን የት ጣሉብሽ የኔ እናት?» እላታለሁ። አላፊ አግዳሚው አበደች ይበለኝ። ማምሻውን መብራት ያበሩባታል፤ መብራት እያለ እንቅልፍ እንደማይወስዳት እነሱ በምን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልለምንህ። በሙት ዓመቷ ኢንተርኔት ገጽህ ላይ ያወጣሃትን፣ ያቺን አራት ጎኗ እኩል የሆነችውን፣ እንዳታጠፋት። ከሥሯ «እህቴ፣ በደንብ ተኚ» ያልካትን ሲከፋኝ እየከፈትኩ አነበዋለሁ፣ አንጀቴን ያርሰዋል። እህቱን እንዳንተ የወደደ ወንድም አላየሁም። ስለ ሥዕሉ ደውሎ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ደግሞ «እናቴን ጠይቋት» በለው እንጂ ሌላ ነገር ውስጥ አትግባ። ሰምተሃል?

እግዜር ክፉ አያሳይህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ስምህን ከሥራህ አይለይብህ። ልጅህን ለመሳም ያብቃኝ።

አክስትህ ደብዳቤዬን ማየት ትወዳለች፤ ፎቶ አንስተህ ላክላት። ስታነሳው ግን እስከ ታች ድረስ አንሳው የኔ ጌታ። ስሜ እንደ ልማዴ ከታች ነው ያለው።

እናትህ