በረዶ ውስጥ የቀበርነው ዶሮ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ዶሮው ደርሷል። ጨው ይኑረው አይኑረው ግን እግዜር ይወቅ፤ ጾም ስለሆነ ሳልቀምስ ነው የሠራሁት። በረከት ማንኪያ ይዞ ቀረበና "አምጪ፣ እኔ ልቅመስልሽ፤ የእኔ ገና እኮ አልፏል" አለኝ። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ካቶሊክ ነው፤ ገናውን ከጣሊያኖቹ ጋር አክብሯል። አባረርኩት። የእሱ ቅምሻ ድስት ያጎድላል።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አብሩዞ ተራራ እንወጣለን፣ በረዶ ልናይ! ስድስት ነን፣ ሁላችንም የማርያም ማኅበር ሰዎች፤ በረከት ብቻ ማኅበርተኛ ሳይሆን ሹፌር ነው። ሁለት ሌሊት እዚያ፣ ማክሰኞ መልስ፣ ማታ የገና ቅዳሴ፣ ከዚያ ሂሩት ቤት ዶሮ። የምጦራቸውን አሮጊት፣ ሲኞራዬን፣ ልጆቻቸው ስለሚጠብቋቸው እስከ ረቡዕ ነፃ ነኝ። ወጡም አብሮን ይሄዳል፤ ሂሩት ፍሪጇን ከአራት ሰው ጋር ነው የምትጋራው፣ ትተነው ከሄድን የምናገኘው ክዳኑን ነው።

የጉዞው ምክንያት እትዬ ወይንሸት ናቸው። በሚቀጥለው ወር ጠቅልለው አገር ይገባሉ። ሠላሳ ዓመት ሮም ኖረው በረዶ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ለእህታቸው ግን በየዓመቱ በስልክ "በረዶው አይጣል ነው" ሲሉ ነው የኖሩት።

እኔ በቀልድ "በረከት ከደከመው አግዘዋለሁ፤ ፓቴንቴ አለኝ" አልኩ። እትዬ ወይንሸት ቀና ብለው "እሷ ከነዳች እኔ በእግሬ። አገሬ በቁሜ ነው መግባት የምፈልገው" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አናደደኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ያገኘሁት መንጃ ፈቃድ ነው። ካወጣሁት ወዲህ መኪና የሰጠኝ ሰው የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ከማርያም ሥዕል ጋር ተቀምጧል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

በረዶ! እስከ ጉልበት! የምጽፈው በጓንት ስለሆነ ፊደሌ ተበላሽቷል፣ ግድ የለም።

ጠዋት ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ተገናኝተን በበረከት አሮጌ ሚኒባስ፣ በፑልሚኖዋ፣ ተጫንን። መንገዱን በሙሉ መዝሙር። ከአንድ ዋሻ ስንወጣ ዓለሙ ነጭ ሆነ፣ መዝሙሩም ቆመ። ሂሩት ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች፤ እስካሁን አላቆመችም።

እትዬ ወይንሸት ሲወርዱ ጓንታቸውን አወለቁ። ዝቅ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑት፣ ብዙ አዩት። "ጨው ነው የሚመስለው" አሉ። ከዚያ ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉና እኛን አይተው "ውኃ ነው፤ አያስገድፍም" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ብርዱ ነው አሉ።

ወዲያው ደሴ ያሉት እህታቸው ጋ በቪዲዮ ደወሉ። በረዶውን፣ ተራራውን፣ ጣራውን ሁሉ አሳዩአቸው። እህትየው ምንም አልገረማቸውም። "ታዲያ ሁሌ የምትነግሪኝ አይደል?" አሏቸው። በሳቅ ፈረስን። እትዬ ወይንሸት ስልኩን ዘግተው ለብቻቸው ትንሽ ተራመዱ።

የተከራየነው ቤት ይሞቃል። ፍሪጁ ግን የአሻንጉሊት ነው፣ የእኔ ድስት አይገባም። ታዲያ ምን ቸገረኝ? ከጓሮው አጥር ሥር በረዶውን ቆፍሬ ድስቱን ቀበርኩት። ሂሩት "እንጨት እንትከልበት" አለች። "መቃብር ነው እንዴ? የት ይሄዳል?" አልኳት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

በሸርተቴ ወረድኩ! ሦስት ጊዜ! የመጀመሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለተኛውን እየጮህኩ፣ ሦስተኛውን እየሳቅሁ። ልጅ ሳለሁ ዳገት ላይ በካርቶን የምንንሸራተተው ትዝ አለኝ፤ ያኔ ከታች የሚጠብቀኝ የእናቴ አለንጋ ነበር።

አሎራ፣ አሁን ደግሞ መጥፎው። በረከት ሂሩት እየቀረጸችው በቁሙ ልውረድ አለ። ግማሽ መንገድ ቆንጆ ወረደ። የቀኝ እጁ አንጓ አብጧል። የመንደሩ ሐኪም አልተሰበረም ብሎ ጠቀለለለትና ለአንድ ሳምንት መኪና እንዳይነካ ነገረው።

ቤት ገብተን መላ ፍለጋ ተቀመጥን። ነገ የጣሊያኖቹ በዓል ነው፤ ከዚህ መንደር አውቶቡስ የለም። ቤቱ ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል። ማታ ደግሞ የገና ቅዳሴ ነው፤ እትዬ ወይንሸት ሮም ውስጥ የሚያስቀድሱት የመጨረሻው ገና። ከሁላችን ፓቴንቴ ያለን በረከትና እኔ ብቻ ነን።

በረከት ቁልፉን በግራ እጁ ገፋ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው። እትዬ ወይንሸትን አየሁ። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት። በእግሬ እሄዳለሁ አላሉም፣ ግዴለም ንጂም አላሉም።

ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቱ ሥር የሆነ ነገር እየዘለለ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ውጭ በረዶው እንደገና ጀምሯል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28፣ ገሃድ

ፈጣኑ መንገድ፣ አውቶስትራዳው ላይ ቆመናል። ከፊት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። መሪው ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው። እኔ! መሪ ላይ!

ከጠዋቱ ልጀምር። ስንነሣ ድስቱ የለም። ድስቱ ብቻ አይደለም፣ አጥሩም የለም። በረዶው ሌሊቱን ወርዶ ጓሮውን ሜዳ አድርጎታል። በመጥበሻ፣ በትሪ፣ በእጅ ቆፈርን። ሂሩት "እንጨት እንትከል ብዬሽ ነበር" እያለች ነው የምትቆፍረው፤ አንድ ጊዜ ብትለው ይበቃ ነበር። ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ብቅ ብለው ምን ጠፋባችሁ አሉን። ዶሮ አልናቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና "በዚህ ብርድ በሕይወት አታገኟትም" ብለው አካፋ አመጡልን። ማን ያስረዳቸው? በመጨረሻ በዚያው አካፋ ድስቱን ኳ ያደረጉት እትዬ ወይንሸት ናቸው። እልል ተባለ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ቀሩ።

በዚህ ሁሉ ረፈደ፤ በረዶው ደግሞ ጨመረ። የጎማውን ሰንሰለት እኔና ሂሩት አሰርን፣ በረከት በአፉ እየመራን። እትዬ ወይንሸት አማተቡ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ድስቱን ታቀፉ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አወረዱ። "እኔ መንገዱን አላይም። ዶሮውን እጠብቃለሁ" አሉ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ከዚያ ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ወደ ገደሉ በኩል ሸርተት ሲል በረከት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፍሬን እንዳትነኪ፣ ጽጌ። እግርሽን አንሺ ብቻ" አለኝ። አነሣሁ። ፑልሚኖዋ ራሷን አስተካከለች። ከኋላ "እመብርሃን" የሚል ሰማሁ። ከታች አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና አገኘንና ጅራቱን ሳልለቅ እስከ አውቶስትራዳው ተከተልኩት። ላቤ ወረደ። ደስ ይላል! አዎ፣ ደስ ይላል!

አሁን ቆመናል። ማሞቂያው በረዶ ሆኖ የነበረውን ወጥ አቅልጦታል፤ መኪናው በሙሉ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። አምስት ጾመኛ አፍንጫውን ይዞ ተቀምጧል። እትዬ ወይንሸት "ይሄ ልጅ ግን ጾመኛ አይደል፣ ታሟልም" ብለው ለበረከት ከድስቱ አንድ ዕንቁላል በዳቦ፣ መረቅ አድርገው አቀበሉት። ሁላችንም አፉን እያየን በላ። "እንዴት ነው?" አልኩት። "ጥሩ ነው። አንቺ መንገድሽን እይ" አለኝ። ቆመን እኮ ነው ያለነው።

ተንቀሳቀሰ። ልሂድ።

ያው ማክሰኞ፣ ሮም

ገባን! ከመጨረሻው ዋሻ በኋላ በረዶው ዝናብ ሆነ። ሰንሰለቱን ፈታን። የሮም ቀለበት መንገድ፣ ራኮርዶው ላይ ጥሩምባ ያልነፋብኝ ሮማዊ የለም፤ ቫ ቤኔ፣ ይንፉ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለማቆም ስታገል አንድ ጎማዬ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ፤ እዚያው ተውኩት። ቅዳሴው አልተጀመረም ነበር።

እትዬ ወይንሸት ወርደው ፊቴ ቆሙ። አንድ ቃል ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። የተጣመመ ነጠላዬን አስተካክለውልኝ ገቡ። ትንሽ ከፋኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን ልገባ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮው ጨው የለውም።

አነሰው ማለቴ አይደለም። ጭራሽ አልገባበትም። በአሥራ ሁለት ሽንኩርት አልቅሼ፣ ቀብሬ፣ ቆፍሬ፣ በበረዶ ነድቼ ያመጣሁት ወጥ! የመጀመሪያውን ጉርሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎርሶ በአንድ ጊዜ ማኘክ አቆመ። እኔ ወደ በረከት ዞርኩ። "ትናንት በልተኸዋል! ለምን አልነገርከኝም?"

"የምትነጂው አንቺ ነበርሽ" አለ። "ሹፌር አያስከፉም።"

ሂሩት ከሳቋ ብዛት መሬት ተቀመጠች። ጨው ነሰነስንበት፣ ድስቱ ተጠረገ።

ስንለያይ እትዬ ወይንሸት በር ላይ ያዙኝ። "ወጡን አልቻልሽበትም" አሉኝ። "አዎ እትዬ፣ ይቅርታ።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ነጠላዬን እኮ የቁልቁለቱ ጊዜ ገለጥ አድርጌ ነበር። እጅሽን አየሁት፣ አልተንቀጠቀጠም።" ከዚያ ቀጠሉ፦ "በሚቀጥለው ወር ፊውሚቺኖ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ። ለሌላ ሰው አልነገርኩም።"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ደስታዬን መሸከም አቅቶኝ እስከ ሲኞራዬ ቤት እየዘለልኩ ነው የመጣሁት። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው የገባኝ፦ እሺ ያልኩት እሳቸውን ከእኛ ለይቼ ለመሸኘት ነው።

ፊውሚቺኖ ድረስ በረዶ የለም፣ መንገዱም አጭር ነው። እኔ ግን እንደ ትናንትናው ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።